በአንጎል ምስል ጥናት ውስጥ ስህተቶቹ የት ገቡ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፤

ሰሞኑን በጤና ገጻችሁ ያወጣችሁት የአንጎል ምስል ጥናት ዜና ጅማ ውስጥ ሥነ ልቦናና የአእምሮ ሕክምና በምናስተምር ሰዎች መካከል ሰፊ ውይይት አስነስቷል። ዜናው የአንድ ቡድን አባላት «ራሳቸውን የሚገቱበት የአንጎል ክፍል ከሌሎቹ ያነሰ ይሠራል» ይላል። ሊሆን ይችላል። ሆኖም ተሳታፊዎቹ ማሽኑ ውስጥ ተኝተው ሲፈተኑ የተሳሳቱባቸው ሙከራዎች በስሌቱ ውስጥ የት እንደተቀመጡ ዜናው አልነገረንም። ነገሩ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጥቃቅን ጉዳይ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ውጤቱን ከ«ልዩነት አለ» ወደ «የለም» ሊገለብጥ የሚችል ምርጫ እንደሆነ ስለምናምን ይህን ጽፈናል።

መነሻው ማሽኑ የሚለካው ነገር ነው። ፈንክሽናል ኤም አር አይ የነርቭ ሴሎችን ሥራ በቀጥታ አያይም፤ የሚያየው ሥራውን ተከትሎ የሚመጣውን የደም ለውጥ ነው። ኦክስጅኑን የለቀቀ ሄሞግሎቢን በዙሪያው ያለውን መግነጢሳዊ መስክ በጥቂቱ ያዛባል። ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. በአይጦች አንጎል ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው። አንድ ቦታ ሥራ ሲበዛበት ትኩስ ደም ይጎርፍለታል፤ ምልክቱም ከፍ ይላል። ከፍታው ግን ትንሽ ነው፤ በአስተሳሰብ ፈተናዎች ላይ ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ደግሞም ይዘገያል። ክስተቱ ከተፈጸመ ከ1 እስከ 2 ሰከንድ በኋላ መነሳት ይጀምራል፤ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ገደማ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ይወርድና ከመነሻው ዝቅ ብሎ ጥቂት ይቆያል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋጋ 20 ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊወስድበት ይችላል።

ይህ መዘግየት ለስህተት ጉዳይ ምን ያመጣል? በኮምፒውተር ብቻ የሚሠራ የምላሽ ፍጥነት ጥናትን እናስብ። ተሳታፊው የተሳሳተበትን ረድፍ ከሠንጠረዡ መሰረዝ ይቻላል፤ የቀሩት ረድፎች አይነኩም። በአንጎል ምስል ግን የሚሰረዝ ረድፍ የለም። ሙከራዎቹ በ4 ሰከንድ ልዩነት ከመጡ፣ የአንዱ ስህተት የደም ምልክት ከሚቀጥሉት አራትና አምስት ሙከራዎች ምልክት ጋር ተደራርቦ ይመዘገባል። ስህተቱን ከዝርዝሩ ብንፋቀውም አንጎሉ ውስጥ የተከሰተው ለውጥ ምስሉ ላይ አለ። ስለዚህ ሞዴሉ፣ ማለትም የተመዘገበውን ምልክት በክስተቶቹ የሚያስረዳው ስሌት፣ ሊያውቀው ይገባል።

የጠራ ምሳሌ እንውሰድ። «ጎ ኖ-ጎ» በሚባለው ፈተና ፊደላት በተከታታይ ይታያሉ፤ ተሳታፊው ለሁሉም ቁልፍ ይጫናል፤ አንድ የተለየ ፊደል ሲመጣ ግን እጁን መያዝ አለበት። 200 ሙከራዎች አሉ እንበል፤ 160ው የመጫን፣ 40ው የመከልከል። አንድ ተሳታፊ ከ40ው በ12ቱ ሳይገባው ተጫነ፤ ሌላው በ3ቱ ብቻ። አሁን አንጎላቸው ፍጹም አንድ ዓይነት ነው ብለን እንነሳ፤ በግንባሩ መሃል ውስጥ ባለው አንቲሪየር ሲንጉሌት በሚባለው ቦታ እጅን በትክክል መያዝ 1 አሃድ፣ መሳሳት ደግሞ 2 አሃድ ምልክት ያስነሳል። አጥኚው ስህተቱን ከትክክሉ ሳይለይ 40ዎቹን በአንድ ዓምድ (ሞዴሉ ለአንድ ዓይነት ክስተት በሚይዘው ትንበያ) ቢያስገባ፣ የመጀመሪያው ሰው ግምት 28 ጊዜ 1 እና 12 ጊዜ 2 ተደምሮ ለ40 ሲካፈል 1.30 ይወጣል። የሁለተኛው 37 ጊዜ 1 እና 3 ጊዜ 2 ለ40 ሲካፈል 1.075 ይሆናል። በአንጎላቸው መካከል ምንም ልዩነት ሳይኖር በካርታው ላይ ልዩነት ተፈጠረ። ይህን ልዩነት የወለደው የስህተቱ ቁጥር ብቻ ነው፤ ዜናው ሲጻፍ ግን «ይህኛው ቡድን ራሱን ለመግታት አንጎሉን ይበልጥ ያደክማል» ተብሎ ይነበባል።

ቦታውን እንዲሁ አልመረጥነውም። ሰው በተሳሳተ ቅጽበት ከራስ ቅል ላይ የሚመዘገብ የኤሌክትሪክ ምልክት እንዳለ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀርመንና አሜሪካ ውስጥ የነበሩ ሁለት ቡድኖች ለየብቻቸው ገልጸዋል፤ ምልክቱ ከተሳሳተው ምላሽ በኋላ በ100 ሚሊሰከንድ ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካርተርና ባልደረቦቹ አንቲሪየር ሲንጉሌት በስህተት ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ ሁለት ምላሾች በሚፎካከሩበት ትክክለኛ ሙከራም ላይ እንደሚነሳ አሳዩ። ከእሱ ጋር ብዙ ጊዜ በአንጎል ጎን ውስጥ የተሸሸገው የኢንሱላ የፊተኛው ክፍል አብሮ ይነሳል። ባጭሩ ስህተት በአንጎል ውስጥ ጠንካራና ሰፊ ክስተት ነው። ራስን የመግታት፣ የትኩረትና የውሳኔ ጥናቶች የሚመለከቷቸው ቦታዎችም እነዚሁ ናቸው። ከትክክለኛው ጋር መቀላቀሉ ይበልጥ የሚጎዳው በእነዚህ ጥናቶች ላይ ነው።

ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሲረዱ ወደ ሁለተኛው ስህተት ይሄዳሉ፤ የተሳሳቱትን ሙከራዎች ከጊዜ ዝርዝሩ አውጥተው ዝም ይላሉ። ስሌቱ የሚሠራበት ጄነራል ሊኒየር ሞዴል በዓምዶቹ ውስጥ ያልተነገረውን ነገር ሁሉ ወይ መነሻ ደረጃ ነው ይለዋል፣ ወይ ሞዴሉ ያላስረዳው ቅሪት ውስጥ ይጥለዋል፣ ወይ ደግሞ በጊዜ ለሚቀርበው ዓምድ ያካፍለዋል። ከስህተቱ 4 ሰከንድ ቀድሞ ወይም 4 ሰከንድ ዘግይቶ የመጣው ትክክለኛ ሙከራ የስህተቱን ምልክት በከፊል ይወርሳል። መነሻ ደረጃው ከፍ ስለሚል ከመነሻ ጋር የሚደረገው ንጽጽር ዝቅ ይላል፤ ቅሪቱ ስለሚሰፋ የስታቲስቲክስ ዋጋው ይወርዳል። ሦስት ስህተት ላለው ሰው ጉዳቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሰላሳ ስህተት ላለው ሰው ግን ትልቅ ነው። ለንጽጽር ከቀረቡት ቡድኖች አንዱ ሁልጊዜ ይበልጥ የሚሳሳት ከሆነ፣ ለምሳሌ ጫት የሚቅሙና የማይቅሙ፣ ወይም ታካሚዎችና ጤነኞች ቢነጻጸሩ፣ ጉዳቱ በሁለቱ ቡድኖች ላይ እኩል አያርፍም።

የሚሻለው የታወቀ ነው፤ ለስህተት የራሱን ዓምድ መስጠት። ዓምዱ ለዋናው ጥያቄ የማያስፈልግ ቢሆንም ይገባል፤ ንጽጽሩ ላይ ዜሮ ክብደት ተሰጥቶት እዚያው ይቀመጣል። ሥራው ምልክቱን ተሸክሞ ሌሎቹን ዓምዶች ንጹህ ማድረግ ነው።

አሠራሩን ከመነሻው እንሂድበት። ፈተናውን ያሳየው ፕሮግራም የሚተወው የመዝገብ ፋይል ለእያንዳንዱ ሙከራ ምስሉ የታየበትን ጊዜ፣ የተጫነውን ቁልፍና የምላሹን ፍጥነት ይይዛል። በመጀመሪያ ሙከራዎቹን መመደብ ነው። «ተሳሳተ» የሚል አንድ ምድብ ብቻ በቂ አይደለም። ሳይገባው የተጫነ ሰው እጁን አንቀሳቅሷል፤ መጫን ሲገባው ያልተጫነ ሰው አላንቀሳቀሰም፤ ምናልባትም አሸልቧል። ሁለቱን በአንድ ዓምድ ማስገባት የእጅ እንቅስቃሴን ከእንቅልፍ ጋር መደባለቅ ነው። የቀስት አቅጣጫ በቁልፍ በሚመለስበት ፈተና ላይ የግራውን ቁልፍ በቀኙ ፋንታ መጫን ሌላ ዓይነት ነው። ምስሉ ከታየ ከ150 ሚሊሰከንድ በፊት የመጣ ጭነት ደግሞ ቁልፉ ትክክለኛው ቢሆንም ምላሽ አይባልም፤ ዓይን አይቶ እጅ እስኪጫን ከዚያ በላይ ጊዜ ስለሚፈጅ ግምት ነው። እነዚህም ከትክክለኞቹ ዓምድ ወጥተው ወደ «የማይፈለጉ» ዓምድ መግባት አለባቸው።

ያልተመለሱ ሙከራዎች ተከታትለው አምስትና ስድስት ሲሆኑ ቆም ማለት ይገባል። ያ ብዙ ጊዜ የተሳታፊው ስህተት አይደለም፤ የቁልፍ ሳጥኑ ገመድ ተላቅቆ ወይም ሰውየው እንቅልፍ ወስዶት ነው። የዓይን ካሜራ ቀረጻ ካለ ይታይ። ከሌለ ያንን ክፍለ ቀረጻ (ያለ እረፍት የተቀረጸውን አንድ ክፍል) እንዳለ መተው ይሻላል እንጂ በስህተት ዓምድ መሸፈን የለበትም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ምድብ የጊዜ ፋይል ይዘጋጃል። ኤፍ ኤስ ኤል በሚባለው የኦክስፎርድ ፕሮግራም ፋይሉ ሦስት ዓምድ አለው፤ የጀመረበት ሰከንድ፣ የቆየበት ሰከንድና ክብደት፣ ክብደቱም ብዙ ጊዜ 1 ነው። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታዩ ጉድለቶች አሉ። መዝገቡ በሚሊሰከንድ ሆኖ ፕሮግራሙ በሰከንድ ሲያነበው ሁሉም ክስተት ከቀረጻው ማብቂያ በኋላ ይወድቃል፤ የሞዴሉ ዓምድም በጸጥታ ዜሮ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ማሽኑ እስኪረጋጋ ተብሎ የሚጣሉት የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ናቸው። አንድ ምስል በ2 ሰከንድ የሚነሳ ከሆነና 4 ምስሎች ከተጣሉ፣ ከሁሉም የክስተት ጊዜ ላይ 8 ሰከንድ መቀነስ አለበት። ካልተቀነሰ የሞዴሉ ትንበያ ጣሪያ ላይ የሚደርሰው እውነተኛው ምልክት ከወረደ በኋላ ነው። የመዝገቡ ሰዓት የጀመረው ከማሽኑ የመጀመሪያ ምልክት ይሁን ከመመሪያው ገጽ መጥፋት፣ ይህንንም ማጣራት የግድ ነው። እያንዳንዱ ምስል በቁራጭ በቁራጭ ተራ በተራ ስለሚነሳ፣ የቁራጮቹ የጊዜ ማስተካከያ ከተደረገና ማጣቀሻው መካከለኛው ቁራጭ ከሆነ ሞዴሉም ወደ ምስሉ መካከል መዞር አለበት፤ በ2 ሰከንድ ምስል ላይ ይህ የ1 ሰከንድ ልዩነት ነው። ኤስ ፒ ኤም በሚባለው የለንደን ፕሮግራም አሥራ ሁለተኛው እትም ላይ ቀድሞ የተሞላው ቅንብር ምስሉን ለ16 ከፍሎ 8ኛውን ይወስዳል፤ ማጣቀሻው ሌላ ቁራጭ ከሆነ ቁጥሩ በእጅ መቀየር አለበት።

ክስተቱ ከምን ይጀምር የሚለው ያከራክራል፤ ምስሉ ከታየበት ወይስ ቁልፉ ከተጫነበት? ምላሹ ከግማሽ ሰከንድ በታች በሚሆንባቸው ፈተናዎች ልዩነቱ ከደሙ ዝግመት አንጻር ኢምንት ነው፤ ለሁሉም ዓምድ አንድ ዓይነት መነሻ መያዙ ይበቃል። ምላሹ እስከ 3 ሰከንድ በሚረዝምባቸው የማስታወስ ወይም የውሳኔ ፈተናዎች ግን የክስተቱን ቆይታ ከምላሹ ጊዜ ጋር እኩል ማድረግ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በጎ ኖ-ጎ ስህተት ብዙ ጊዜ ከትክክለኛው የፈጠነ ነው፤ በከባድ የማስታወስ ፈተና ግን የዘገየ ነው። ቆይታው ካልተመዘነ «ስህተት ሲቀነስ ትክክል» የሚለው ካርታ ከፊሉ «ረጅም ሲቀነስ አጭር» ይሆናል።

አሁን ይበልጥ ራስ ወደሚያሳምመው ጉዳይ እንምጣ፤ ምንም ያልተሳሳተ ሰው። ከ30 ተሳታፊዎች ሁለት ወይም ሦስት በአንደኛው ክፍለ ቀረጻ ላይ አንድም ስህተት አይሠሩም። የስህተት ዓምዱ ባዶ ነው፤ ባዶ ዓምድ ደግሞ እያንዳንዱን ፕሮግራም በተለያየ መንገድ ያስቸግራል። ኤፍ ኤስ ኤል ውስጥ ለዚያ ዓምድ «ባዶ፣ ሁሉም ዜሮ» የሚል ቅርጽ መምረጥ ይቻላል። አፍኒ በሚባለው ፕሮግራም የጊዜ ፋይሉ እያንዳንዱ መስመር አንድ ክፍለ ቀረጻ ነው፤ ስህተት የሌለበት መስመር ላይ ኮከብ ይጻፋል። የመጀመሪያው መስመር የአንድ ክስተት ጊዜ ብቻ ከያዘ ከጎኑ ተጨማሪ ኮከብ ይቀመጣል፤ ያለዚያ ፕሮግራሙ ጊዜዎቹን ከጠቅላላው ቀረጻ መጀመሪያ የተቆጠሩ አድርጎ ሊያነባቸው ይችላል። በሁሉም ክፍለ ቀረጻ ባዶ ከሆነ ደግሞ «ኦልዜሮ ኦኬ» የሚለው አማራጭ ካልተሰጠው ሥራውን ያቆማል። ኤስ ፒ ኤም መነሻ ጊዜ የሌለውን ምድብ አይቀበልም፤ ተማሪውም በዚህ ተበሳጭቶ ምድቡን ለዚያ ሰው ብቻ ይሰርዘዋል።

አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሙሉ ሞዴሉ «ትክክለኛ ጭነት፣ ትክክለኛ መያዝ፣ ሳይገባ መጫን፣ አለመመለስ» የሚሉ አራት ዓምዶች፣ ከዚያ ስድስት የራስ እንቅስቃሴ ዓምዶች፣ መጨረሻ ላይ ቋሚው ቁጥር አለው እንበል። አራተኛው ቦታ ላይ ለአለመመለስ የተሰጠው ክብደት፣ ዓምዱ በተሰረዘበት ሰው ላይ በመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ዓምድ ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ከተሰረዘ የስህተት ክብደቱ አለመመለስ ላይ ይወድቃል። ሁለት ክፍለ ቀረጻ ካለ ደግሞ የሁለተኛው ዓምዶች በሙሉ አንድ ቦታ ይንሸራተታሉ። ፕሮግራሙ ምንም አይናገርም፤ ካርታውም ያምራል። መድኃኒቱ ክብደትን በቦታ ቁጥር አለመስጠት ነው፤ በዓምዱ ስም የሚሰጥ አጭር ስክሪፕት ይጻፍ። ከዚያ የእያንዳንዱ ሰው ዲዛይን ማትሪክስ (የዓምዶቹ ሠንጠረዥ) ምስል በዓይን ይታይ። 30 ምስል ማየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

አንዳንዶች ባዶውን ለመሙላት የሌለ ክስተት ፈጥረው በቀረጻው መጨረሻ ላይ ያስገባሉ። እኛ አንደግፈውም። የፈጠራ ክስተቱ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩም ከእውነተኞቹ ጋር ወደ ቡድን ስሌት ይገባል። ስህተት ራሱ የጥናቱ ጥያቄ ከሆነ፣ ያልተሳሳተ ሰው ለዚያ ንጽጽር መረጃ የለውም፤ ከዚያ ንጽጽር ወጥቶ ቁጥሩ በጽሑፉ ይገለጻል። ከባዶ ዓምድ የወጣ የዜሮ ካርታ እንደ መለኪያ ውጤት ሆኖ ከሌሎቹ ጋር እንዳይደመር መጠንቀቅ ይገባል፤ አማካዩን ወደ ዜሮ ይጎትታል።

ጥቂት ስህተት ያለው ሰውስ? 128 ትክክለኛ ምላሽና 8 ስህተት ቢኖሩ፣ ክስተቶቹ በጊዜ ተራርቀው ከመጡ የስህተቱ ግምት ወላዋይነት ከትክክለኛው አራት እጥፍ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም 128 ለ8 ሲካፈል 16፣ የ16 ካሬ ሥር ደግሞ 4 ነው። ሁለት ስህተት ብቻ ያለው ሰው ካርታ ከሞላ ጎደል ጫጫታ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ቁጥር ከትንታኔ በፊት መወሰን አለበት፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚወሰን ቁጥር ዋጋ የለውም። ቁጥሩ ሲወሰንም የሚያስከትለው ነገር ይታወቅ፤ «ከ6 ስህተት በታች ያለው ይውጣ» ማለት ጠንቃቆቹን አውጥቶ ችኩሎቹን ማስቀረት ነው። የቀረው ናሙና ስለ ሁሉም ሰው አይናገርም።

ቁጥሩን ሲቆጥሩ የሚረሳ ነገር አለ። ሰው ሲሳሳት ራሱን ያንቀሳቅሳል። እንቅስቃሴ የበዛባቸው ምስሎች ከስሌቱ በሚወጡበት አሠራር፣ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ከስህተቱ ጋር የተያያዙት ምስሎች ይሆናሉ። በወረቀት ላይ 8 የነበረው ስህተት በተግባር 5 ሊሆን ይችላል፤ መቆጠር ያለበት ከማጽዳቱ በኋላ ነው። በተመሳሳይ፣ ስህተቶች በድካም ምክንያት ወደ ቀረጻው መጨረሻ ከተከማቹ፣ የስህተት ዓምዱ ከማሽኑ ቀስ ያለ መዋዠቅ ጋር ይመሳሰላል። የቀስታ ለውጥ ማጣሪያው ኤስ ፒ ኤም ላይ 128፣ ኤፍ ኤስ ኤል ላይ ደግሞ 100 ሰከንድ ሆኖ ተሞልቶ ይመጣል፤ ማጣሪያው የስህተቱንም ምልክት አብሮ ሊበላው ይችላል። መፍትሔው በስሌት አይገኝም። ፈተናውን ሲያዘጋጁ ክፍለ ቀረጻዎቹን ማሳጠርና መሃል ላይ ማሳረፍ ይገባል።

በቡድን ደረጃም ነገሩ ይቀጥላል። አማካዮችን የሚያነጻጽረው ተራው ቲ-ቴስት የ3 ስህተት ሰውና የ25 ስህተት ሰው ግምት እኩል የታመኑ አድርጎ ይወስዳቸዋል። የኤፍ ኤስ ኤል «ፍሌም» እና የአፍኒ «ስሪ ዲ ሜማ» የእያንዳንዱን ሰው ግምት ወላዋይነት ወደ ቡድን ስሌቱ ይዘው ስለሚሄዱ ለስህተት ጥናት ይመረጣሉ። ቁጥር ለማመጣጠን ሲባል ከ128ቱ ትክክለኞች 8ቱን በዕጣ መምረጥም የተለመደ ነው፤ የአንጎልን የምልክት ንድፍ አይቶ የክስተቱን ዓይነት ለሚለይ የምደባ ሥራ ያስፈልጋል። ግን የተረፉት 120ዎቹ ሜዳ ላይ አይጣሉም፤ የራሳቸው ዓምድ ይሰጣቸዋል። ያለዚያ ከላይ የተነቀፈው ጉድለት በሌላ በር ይገባል።

ከስህተት ቀጥሎ የሚመጣውን ሙከራ በተመለከተ፣ ሰው ከስህተት በኋላ እንደሚዘገይ ራቢት በ1966 እ.ኤ.አ. ስለጻፈ ብዙዎች ለዚያም ዓምድ ይሰጣሉ። ስህተቱ ብዙ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥቂት ከሆነ ግን ሁለቱ ዓምዶች ሁልጊዜ በ4 ሰከንድ ልዩነት ተከታትለው ስለሚመጡ ሞዴሉ አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል፤ ይቅር።

በቂ ስህተት የሚፈለግ ከሆነ ፈተናው ራሱ ያምጣው። ሎጋንና ካውን በ1984 እ.ኤ.አ. መሠረቱን በጣሉት የ«ስቶፕ ሲግናል» ፈተና ላይ ከመጫኛው ምልክት በኋላ የሚመጣው የማቆሚያ ምልክት መዘግየት ተሳታፊው ማቆም ሲሳካለት በ50 ሚሊሰከንድ እየጨመረ፣ ሳይሳካለት እየቀነሰ እንዲሄድ ይደረጋል። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ሰው ከማቆሚያዎቹ ግማሽ ገደማ ላይ ይሳሳታል። የቡድኖቹ የስህተት ቁጥር ስለሚቀራረብ ከላይ የተሰላው የ1.30 እና የ1.075 ዓይነት የውሸት ልዩነት ምንጩ ይደርቃል።

ለጅማና ለአካባቢው የተለየ ትኩረት የሚሻ ነገርም አለ። የቀለም ስም የሚነበብበት የስትሩፕ ፈተና፣ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀው፣ «ቀይ» የሚለው ቃል በአረንጓዴ ቀለም ሲጻፍ ንባቡ ቀለሙን ከመናገር ጋር እንዲጋጭ ያደርጋል። ግጭቱ የሚመጣው ንባቡ ያለ ጥረት ሲሆን ነው። በአፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል የተማረ ወጣት «ዲማ» የሚለውን በቁቤ ሲያይ የሚሠራው ስህተትና «ቀይ» የሚለውን በግዕዝ ፊደል ሲያይ የሚሠራው ስህተት በቁጥርም በዓይነትም ሊለያይ ይችላል። የፈተናው ቋንቋ ለሁሉም አንድ ከሆነ በቡድኖች መካከል የሚታየው የስህተት ልዩነት የንባብ ልምድ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ተሳታፊው ይበልጥ በሚያነበው ፊደል መፈተን፣ ቋንቋውንም በመዝገቡ ውስጥ መጻፍ ይገባል።

ይህን ለመማር ደጃፍ ላይ ማሽን መኖር ግዴታ አይደለም። ኦፕን ኒውሮ በሚባለው ክፍት ማኅደር ውስጥ ስማቸው የተፋቀ ተሳታፊዎች ምስሎች ቢድስ በሚባለው ወጥ አደረጃጀት ይገኛሉ፤ አፍኒና ናይለርን የሚባለው ሌላ የትንታኔ መሣሪያ ያለ ክፍያ ይጫናሉ። ኢንተርኔት ውድ ለሆነበት ተማሪ የምንመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። 64 በ64 በ36 የሆነና 200 ምስሎች ያሉት አንድ ክፍለ ቀረጻ ሳይታመቅ 59 ሜጋባይት ገደማ ነው። የክስተት ዝርዝሩ ግን ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ብቻ ይውረድ። በእሱ የእያንዳንዱ ሰው ስህተት በዓይነት ይቆጠር። የምላሽ ጊዜ በሌለበት ቦታ አንዳንዱ «የለም» የሚል ምልክት፣ አንዳንዱ ዜሮ ይጽፋል፤ ዜሮው እንደ እጅግ ፈጣን ምላሽ ተቆጥሮ አማካዩን እንዳያበላሽ ይታይ። ቁጥሩ በቂ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ምስሎቹ ይውረዱ። የእያንዳንዱ ሰው ስሌት በየራሱ ማህደር ተለይቶ ይሠራ፤ መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ይሆናል።

ለእናንተ ያለን ጥያቄ አጭር ነው። እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ ሁለቱ ቡድኖች ከመቶ ስንት እንደተሳሳቱና ስህተቱ ለብቻው እንደተሰላ ወይም እንዳልተሰላ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት። በዋናው ጽሑፍ የዘዴ ክፍል ውስጥ ከሌለ «አልተገለጸም» ተብሎ ይጻፍ። በ2020 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት በታተመ ሥራ 70 ቡድኖች የ108 ሰዎችን ተመሳሳይ መረጃ ወስደው በዘጠኝ መላምቶች ላይ ሲፈርዱ፣ አሠራሩ ከሌላው ጋር ፍጹም አንድ የሆነ ቡድን አልተገኘም፤ በበርካታ መላምቶችም ላይ አልተስማሙም። የትንታኔ ምርጫን አለመጻፍ እንግዲህ ግኝቱን በግማሽ እንደመጻፍ ነው።

ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ልምምድ እንጠቁማለን። ስህተት የበዛበትን አንድ የስቶፕ ሲግናል መረጃ ወስደው አንዴ ስህተቱን ከትክክሉ ቀላቅለው፣ አንዴ ከዝርዝሩ አውጥተው፣ አንዴ የራሱን ዓምድ ሰጥተው ያስሉት፤ ከዚያ ሦስቱን ካርታዎች በአንድ የስታቲስቲክስ ደፍ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አንቲሪየር ሲንጉሌትና ኢንሱላ ላይ የሚያገኙትን የቁጥር ልዩነት ለዚሁ ገጽ ቢልኩ እና ብታወጡላቸው ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎቻችሁ ከጅማ